አሮጌውን ሞተር ሳይክል በኤሌክትሪክ ማስኬድ ለዋጫ መንገድ ያዋጣልን?

በከፋ ዞን ካሉት የፕሮጀክት መጋዘኖች ወደ አንዱ የገባ ሰው አንድ የማይቀር ነገር ያያል። ከጆንያውና ከተሰበረው ጠረጴዛ ኋላ አቧራ የለበሰ ሞተር ሳይክል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞአል። ሻንሲው ደኅና ነው፤ ቸርኬው አልተጣመመም፤ የፊት መብራቱም አለ። ፒስቶኑ ግን ከነከሰ ቆይቶአል። መለዋወጫ ቢፈለግለት ወይ አይገኝም፣ ወይም ዋጋው አይቀመስም። ይነዳው የነበረው የእርሻ ሠራተኛ ወይም ወንጌላዊ አሁን በእግሩ ይሄዳል፤ በአንድ ቀን ሦስት ቀበሌ ይደርስ የነበረው ዛሬ አንዱን ደርሶ ይመለሳል።

ይህን የተመለከቱ የአጥቢያ ሽማግሌዎችና የፕሮጀክት ባልደረቦች፣ «የነዳጁን ሞተር አውጥተን በኤሌክትሪክ ሞተርና በባትሪ ብንተካውስ? አጥቢያችን የሚያዋጣው ገንዘብ ይበቃል ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። ከየቤቱ የተሰበሰበ መዋጮ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይሰበሰብምና፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነገሩን በሚገባ ማስላት ያስፈልጋል። መልሳችንን ከወዲሁ እንናገራለን። ይቻላል፤ ነገር ግን ለሁሉም መንገድ አይሆንም። ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፤ ወጪውን የሚወስነው ግን ባትሪው ነው። የባትሪውንም ልክ የሚወስነው ሞተር ሳይክሉ በየቀኑ የሚሄድበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመጠየቅ በፊት መንገዱን መለካት ይገባል።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቆአል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናና የኤሌክትሪክ ባጃጅ በብዙ ከተሞች ይታያሉ፤ በአዲስ አበባም እንደ ዶዳይ ያሉ ድርጅቶች የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ያቀርባሉ። በጎረቤት አገሮች ደግሞ አሮጌውን መለወጥም ተሞክሮአል። በርዋንዳ የነዳጅ ሞተር ሳይክሎችን ሞተር እያወጡ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጡ ባለሙያዎች አሉ። በኪጋሊ ከተማም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ አዲስ የሚመዘገበው ሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ እንዲሆን ታዝዞአል። እኛም ብንሆን ኃይሉን ከሩቅ አናመጣውም። ከከፋ ደጋ የሚወርደው ዝናብ በጎጀብ ወንዝ በኩል ኦሞ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ተርባይኖች ያዞራል። ቤንዚኑ ግን በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያም በቦቴ አገር አቋርጦ ነው እኛ ዘንድ የሚመጣው።

መንገዱ ምን ያህል ጉልበት ይበላል?

የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 30 ዋት የሆነ አምፖል አንድ ሰዓት ሙሉ ቢበራ 30 ዋት ሰዓት ፈጀ ይባላል። እንግዲህ ሞተር ሳይክሉ 100 ኪሎ፣ ነጂው 75 ኪሎ፣ ጭነቱ 25 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 200 ኪሎ ይሆናል። ይህን ክብደት በሜዳማ የጠጠር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ፣ በሞተሩና በካቴናው ላይ የሚባክነው ሁሉ ተቈጥሮ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 30 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ይኸውም ያ አምፖል በአንድ ሰዓት የሚፈጀው መሆኑ ነው።

ችግሩ ከፋ ሜዳ አለመሆኑ ነው። ያንኑ 200 ኪሎ 300 ሜትር ከፍታ ሽቅብ ለማውጣት ለዳገቱ ብቻ ተጨማሪ 200 ዋት ሰዓት ያህል ይጠፋል። አንድ እንዲህ ያለ ዳገት ማለት ሰባት ኪሎ ሜትር ሜዳ ማለት ነው። ቁልቁል ሲወርድ ይመለሳል ብለው የሚነግሩአችሁ ሻጮች አሉ፤ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ባትሪ መግዛት አይገባም። በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ጎማው እየተሽከረከረ ጉልበት ያባክናል። ስለዚህ ከዋጫ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚሄድ ሰው፣ ዳገቱን ከቁልቁለቱ አማካይ አድርገን፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 45 ዋት ሰዓት ብለን እንድናስብ እንመክራለን። ጭነት የሚያበዛ ወይም ሰው የሚያፈናጥጥ ከዚህም በላይ ያስብ።

ልኬቱ ከባድ ሥራ አይደለም። ሠራተኛው በሚሠራ ሌላ ሞተር ሳይክል አንድ ሳምንት የተለመደውን መንገዱን ይሂድ። ጧት ሲነሣና ማታ ሲገባ የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን በደብተር ይጻፍ። ከፍታ የሚያሳይ የእጅ ስልክ ያለውም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቦታ ይመዝግብ። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ረጅሙን ቀን እንወስዳለን እንጂ አማካዩን አንወስድም፤ ባትሪ የሚያልቀው በረጅሙ ቀን ነውና።

ስለ ባትሪው

በገበያ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይቀርብላችኋል። አንደኛው የታወቀው የሊድ ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት የሆኑ ስድስት ባትሪዎች ሲቀጣጠሉ 72 ቮልት ይሆናሉ፤ ክብደታቸው ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል። በወረቀት ላይ 1,440 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ ነገር ግን የሊድ ባትሪ ከግማሹ በላይ በየቀኑ ከተሟጠጠ ቶሎ ይሞታል። ግማሹ 720 ዋት ሰዓት ነው፤ ለ45 ሲካፈል 16 ኪሎ ሜትር። ዳገት ላይ ብዙ ከረንት ሲጐተትበት ከዚያም ያነሰ ይሰጣል። እንዲህ እየተሠራበት ከጥቂት መቶ ቻርጅ በኋላ ይደክማል፤ ብዙ ጊዜም ዓመት ከመንፈቅ አያልፍም። ርካሽ ነው እየተባለ የሚገዛው ይህ ነው።

ሁለተኛው የሊቲየም ዓይነት ነው። ከሊቲየም ባትሪዎችም መካከል ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን እንመርጣለን። ሌሎቹ በክብደት ቀለል ይላሉ፤ ሲጎዱና ሲሞቁ ግን እሳት የማንሣት ዕድላቸው ይበልጣል፤ በሣር ክዳን ቤት አጠገብ ለሚያድር ሞተር ሳይክል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ ባትሪ አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው። 24 ሴሎች ሲቀጣጠሉ 76.8 ቮልት ይሆናሉ፤ ሴሉ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ከሆነ ጠቅላላው 3,072 ዋት ሰዓት ይይዛል። ክብደቱ ከነሣጥኑ 30 ኪሎ ያህል ነው። ከዚህ 80 በመቶውን ብንጠቀም 2,450 ዋት ሰዓት እናገኛለን፤ ለ45 ሲካፈል 54 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለመጠባበቂያ ጥቂት እንተውና 45 ኪሎ ሜትር ብለን እናቅድ። ቻርጁም ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ሊደጋገም ይችላል፤ በእርግጥ ከቻርጁ ቊጥር በፊት የዓመታት ብዛት ሊያስረጀው ይችላል።

እንግዲህ 45 ኪሎ ሜትር ምን ይሠራል? ዋጫ ከተማ አድሮ፣ በጨና ወረዳ ቅርብ ቀበሌዎችን ዞሮ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛ ይበቃዋል። ለስብሰባ ቦንጋ ደርሶ በዚያው ቀን ለሚመለስ ግን አይበቃም፤ ወደ ሚዛን ለሚሄድም እንዲሁ። እንዲህ ላለው ጉዞ ባትሪውን ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋውና ክብደቱ አብሮ ያድጋል፤ ኋላም የትንሽ ሞተር ሳይክል ሻንሲ የማይችለው ይሆናል። ለረጅሙ መንገድ የሕዝብ ማመላለሻ አለ፤ ካልሆነም አንድ የነዳጅ ሞተር ሳይክል ለጋራ ይቀመጥ።

ባትሪው ያለ ጠባቂ ሰርኪዩት ከቶ አይገዛ። ይህ ቢኤምኤስ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ እያንዳንዱን ሴል እየተመለከተ፣ ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በታች ሲሟጠጥ፣ ወይም ከረንቱ ሲበዛ መስመሩን ይቈርጣል። ከየት እንደ መጡ የማይታወቁ፣ ከፈረሰ ዕቃ የተለቀሙ ሴሎችን በርካሽ እናቀርባለን የሚሉም አሉ። ሴሎቹን አንድ በአንድ ሞልቶና አሟጥጦ የሚመዝን ሰው ከሌለ በቀር ይህን መንገድ አንመክርም። አንድ ደካማ ሴል የቀሩትን 23 ይዞ ይወድቃል።

ሞተሩ የት ይቀመጥ?

ሞተሩ በሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። በኋላ ቸርኬው ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ አለ፤ ቸርኬውን ቀይሮ ሽቦ ማገናኘት ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ለአዲስ አበባ አስፋልትም ይበጃል። ለእኛ ግን ሁለት ክፋት አለበት። ዳገት ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከቸርኬው ጋር በደቂቃ 220 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚዞር በጣም ይሞቃል፤ ክብደቱም ከሞላው በታች ስለሆነ የድንጋዩ ምት ሁሉ በቀጥታ ያርፍበታል። ስለዚህ ሞተሩ የቀድሞው ሞተር በነበረበት መካከለኛ ቦታ ተቀምጦ በካቴና የኋላውን ጎማ ቢያዞር ይሻላል። የፊቱ ፒኞን 11 ጥርስ፣ የኋላው ጥርሰኛ 55 ጥርስ ቢሆን ሞተሩ አምስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። በዚያው ዳገት ሞተሩ በደቂቃ 1,100 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ሥራውም ይቀልለታል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ሲዞር ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዋጫ ዙሪያ ከዚህ በላይ የሚያስቸኩል መንገድ አናውቅም።

ስለ ጉልበቱ ልክም እንናገር። 200 ኪሎ ይዞ በመቶ ሜትር ውስጥ አሥር ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከባትሪው 2,250 ዋት ያህል ይጠየቃል፤ አሥራ አምስት ሜትር ከፍ ለሚል ደግሞ 3,100 ዋት ያህል። ስለሆነም ሳያቋርጥ 3,000 ዋት መሥራት የሚችል ሞተር ይበቃል። ሻጮች በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉት ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ የሚሰጠውን ከፍተኛውን ኃይል ነውና፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በየመጋዘኑ ከቆሙት ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ያማሃ ኤጂ 100 ናቸው። ይህ ለገበሬ ሥራ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሞተር ሳይክል ነው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አይነካውም፤ እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ትልቅ ጥርሰኛ በዚያ ሽፋን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወይ ሽፋኑ ይወጣል፣ ወይም ማርሽ ሣጥን አብሮት የተሠራ ሞተር ተፈልጎ ሽፋኑ በቦታው ይቀራል። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ በሐምሌ ጭቃ ሽፋን የሌለው ካቴና ምን እንደሚሆን የነዳ ያውቀዋል።

የነዳጁ ሞተር፣ ሰርባቶዮውና ማርሚታው ሲወጡ ክብደት ስለሚቀንስ፣ አዲሱ ሞተርና ባትሪ ሲገቡ የጠቅላላው ክብደት እምብዛም አይለወጥም። የሞተሩ መያዣ ከወፍራም ላሜራ ተቈርጦ በቀድሞው ሞተር የቡሎን ቀዳዳዎች ይታሰር እንጂ ሻንሲው ራሱ አይበየድ። ሻንሲ ላይ የሚደረግ ብየዳ ብረቱን ያደክመዋል፤ ሞተር ሳይክሉን ደግሞ ወደ ነዳጅ መመለስ ቢያስፈልግ አያስመልስም። የባትሪው ሣጥን በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከላይ ከተቀመጠ ሞተር ሳይክሉ በጭቃ ላይ ይወላገዳል።

ቁልቁለት፣ ዝናብና ከረንት

በነዳጅ ሞተር ቁልቁል ስንወርድ ማርሽ አስገብተን በሞተሩ እንይዛለን፤ ፍሬኑ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይሠራም። በተለወጠው ሞተር ሳይክል ግን ጋዙ ሲለቀቅ የሚይዝ ነገር ላይኖር ይችላል። አንዳንዱ ኮንትሮለር ሞተሩን እንደ ዲናሞ አድርጎ ፍሬን እንዲሆን ያደርጋል፤ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሞልቶ ሳለ ከቤት ወጥቶ ወዲያው ቁልቁለት የሚጀምር ሰው የሚመለሰው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ፣ ጠባቂው ሰርኪዩት ሊቈርጠውና ሞተሩ በድንገት መያዙን ሊተው ይችላል። ስለዚህ የፊትና የኋላ ፍሬን ሸራ አዲስ ሳይደረግ፣ ኩሽኔታውም ሳይታይ አንድም ሞተር ሳይክል ወደ መንገድ አይውጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ ለመቈጠብ የሚሞክር ኮሚቴ እንዳይኖር እንለምናለን። ሞተሩ ድምፅ የሌለው መሆኑም መታወስ አለበት። በገበያ ቀን ሕፃናትም በቅሎዎችም ሲመጣ አይሰሙትም፤ ጡሩምባው ይሠራ ዘንድ ግድ ነው።

ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ዲሲ ከረንት ሰውን ይጎዳል። የሞላው ባትሪ ደግሞ 87 ቮልት ይደርሳል። ሽቦ የሚያገናኘው ሰው ቀለበቱንና ሰዓቱን ያውልቅ፤ መፍቻውንም በላስቲክ ይጠቅልል። በባትሪው አፍ ላይ ፊውዝ ይግባ፤ ፊውዙም ለዚህ ቮልት የተሠራ ይሁን። የመኪና ፊውዝ ለ12ና ለ24 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ ሲቃጠል በመካከሉ እሳት እየዘለለ ከረንቱን ማሳለፉን ሊቀጥል ይችላል። ለመብራትና ለጡሩምባ ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርድ ትንሽ ሣጥን ይጨመራል። ከፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነውና ኮንትሮለሩ ከመቀመጫው በታች፣ ሽቦዎቹ ወደ ታች ተጠምዝዘው ይግቡ፤ እንዲህ ሲሆን ውኃው በሽቦው ላይ ወርዶ ከመግቢያው በፊት ይንጠባጠባል። ሞተር ሳይክሉን በኃይለኛ የውኃ ቱቦ ማጠብ ከዚያ ወዲያ ይቅር፤ በጨርቅ ይወልወል።

ቻርጁ 10 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ከሶኬቱም አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህም ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ሌሊት ሞተር ሳይክሉ በግማሽ ቻርጅ ሊያድር ስለሚችል፣ በየምሽቱ እንደ ገቡ መሰካት ይልመድ፤ ነጎድጓድ ሲሆን ግን ይነቀል። የፀሐይ ኃይል የሚያስቡ አጥቢያዎች በየቀኑ ሙሉ ቻርጅ ለማግኘት አንድ ኪሎ ዋት ያህል ፓኔል እንደሚያስፈልግ፣ ያም በክረምት ደመና እንደማይበቃ ይወቁ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ለሚኖር ሠራተኛ ይህን ሥራ ዛሬ አንመክርም።

ሒሳቡ

የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር አልፎአል። ለስሌት እንዲቀልል 100 ብር እንበል። ትንሽ ሞተር ሳይክል በ50 ኪሎ ሜትር 1.25 ሊትር ቢፈጅ 125 ብር ነው፤ ለኤጂ 100 ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለውን ዘይት ሳንቈጥር። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኖአልና፣ ከበድ አድርገን በኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ብንቈጥር፣ ለዚያው 50 ኪሎ ሜትር በቻርጀሩ የሚባክነው ተጨምሮ ከ35 ብር አይበልጥም። ልዩነቱ 90 ብር ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 250 ቀን የሚሠራ ሞተር ሳይክል 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሚቈጥበውም 18,000 ብር ነው። ከማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ተሞልቶ በመንገድ ዳር በእጥፍ የሚሸጠውን ቤንዚን ለሚገዛ ግን ቊጠባው 43,000 ብር ይደርሳል።

የመለወጡ ወጪ ግማሽ ያህሉ ለባትሪው ይውላል፤ የቀረው ለሞተር፣ ለኮንትሮለር፣ ለቻርጀርና ለሠራተኛ ዋጋ ነው። ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ስለሚቀያየር እዚህ አንጽፍም፤ ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ዋጋ በጽሑፍ ይጠየቅ። በነዳጅ ቊጠባ ብቻ ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል ብለን ለአጥቢያዎች አንናገርም፤ ዓመታት ይወስዳል። ትልቁ ትርፍ ቆሞ የነበረው ሞተር ሳይክል መነሣቱ፣ ሠራተኛውም ቤንዚን ሲጠፋ ከቤት አለመዋሉ ነው። ስለሆነም ጠቅላላ ወጪው ከአዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ አሮጌውን ትታችሁ አዲሱን ግዙ። ሻንሲው የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ከሆነማ ስሌቱም አያስፈልግም።

በመጨረሻ፣ ሕግም አለ። የሞተሩ ቊጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ሞተር መቀየር በመዝገብ የሚታወቅ ጉዳይ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ምርመራው እንዴት እንደሚሆን መጠየቅ፣ ለሦስተኛ ወገን መድን ሰጪውም ለውጡን በደብዳቤ ማስታወቅ ይገባል። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ የወጣው ሞተር አይሸጥ፤ ቊጥሩ ሊታይ ይችላልና በመጋዘን ይቈይ። ከዚያ በኋላ ካርቡራቶሩና የቀረው ደኅና ዕቃ ገና በነዳጅ ለሚሄደው ለሌላው ኤጂ 100 መለዋወጫ ይሆናል።